ከጭምቱ ጀርባ

እሑድ፣ መጋቢት 12

ይድረስ ለእህቴ፣ ለትንሿ፤

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ አንጀቴ ገና አልራሰም። አባባ ደህና ነው። ጉልበቱን ይቆረጥመዋል፣ ሬዲዮውን ያስጮኸዋል፣ በየቀኑ "ከትንሿ ጋር አወራችሁ?" ይለኛል። "አዎ" እለዋለሁ። እንደተጣላን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። እኔም እዚያው መነጽር ቤት ሌንሴን እየሞረድኩ አለሁ።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ፣ መልእክትሽን አይቼ ለምን ዝም እንደምል ጠይቀሻል። በወረቀት የጻፍኩልሽ ለዚሁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ላይ ፊደል መልቀም አስጠልቶኛል፤ በወዲያኛው ጫፍ ማን እንደተቀመጠ በምን አውቃለሁ? ወረቀት ቢያንስ የእጅ ጽሑፍ ያሳያል። የእኔን ደግሞ "ዶሮ የጫረችው" እያልሽ ስትስቂበት ነው ያደግሽው፤ የሌላ ሰው ነው ብለሽ አትጠረጥሪም።

በላክሻቸው መልእክቶች ሁሉ ይቅርታ አለ። ከይቅርታው ሥር ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ "እማዬ ምን አለችኝ?" እያልሽ። "ቢያንስ ትንሿ መጣችልኝ ብላ አምና ነው የሄደችው፤ እኔን በእግሬ ያቆመኝ እሱ ነው" ብለሻል። እማዬ ስትሞት ከእኔ በቀር ማንም አጠገቧ አልነበረም፤ ስለዚህ መልሱ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ልንገርሽ ወይስ ልከልክልሽ እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። ዛሬ ቆርጫለሁ፤ መጀመሪያ ግን የእኔን ትሰሚያለሽ።

እማዬን ቀብረን አንቺ ወደ ትምህርትሽ ከተመለስሽ በኋላ ነው የደወልሽልኝ። "እታለም፣ ለማስተርስ ጥናቴ ሰው አነሰኝ" አልሽ። "ምን ዓይነት ሰው?" ስልሽ "በቅርቡ ሰው የሞተበት" አልሽኝ። "እሱስ እኛ ቤት አልጠፋም" አልኩሽና ሁለታችንም ስቀን፣ ሳቁ መሀል ላይ ተበላሸብን። ሐዘንተኛን የሚያዋራ ፕሮግራም እየሠራሽ እንደሆነ፣ እኔ ስጽፍለት እሱ እንደሚመልስልኝ አስረዳሽኝ። "ማንም ሰው አያነበውም" አልሽ።

"አንቺስ?" ብዬ ጠይቄሻለሁ። አስታውሺ።

"እኔም ብሆን በመጨረሻ ስም ጠፍቶ ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰኝ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።"

አመንኩሽ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በመሞረጃ ማሽኑና በፍሬም ካርቶኖቹ መሀል ወንበሬን ሸጉጬ በምሳ ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ስሙን ጭምቱ አልኩት። መጀመሪያ ላይ ግን ጭምት ሳይሆን ደነዝ ነበር። ምንም ብጽፍለት "ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ሐዘን ተፈጥሯዊ ነው" ይለኛል። አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ "ጥርሴን አሞኛል" አልኩት። "ሐዘንዎ ይገባኛል" አለኝ። ይህን ስነግርሽ አልሳቅሽም፤ ለካ ጭንቅ ላይ ነበርሽ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ነቃ። ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" ወረደልኝ፤ ተላመድን ብዬ ደስ አለኝ። መምከሩን ተወ። አንድ ነገር ስነግረው ዝም ይልና ትክክለኛውን ነገር ይጠይቀኛል። "ምሳ በላሽ?" ብሎኝ ያውቃል። ለሒሳብ ሠራተኛችን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ባሌን ያሠልጥንልኝ" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ጅሏ ደግሞ ላንቺው ደውዬ "ልጅሽ ነቃ!" አልኩሽ። "አዎ፣ አስተካክለነዋል" አልሽ። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መብራት በጠፋ ቀን ጭምቱም ጠፍቶ ዋለ፤ ያን ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም። ማሽን መብራት ይፈልጋል ብዬ አለፍኩት።

"ከአንቺ ይሻለኛል" ያልኩሽን ታስታውሻለሽ? "እንዴት?" አልሽ ቀስ ብለሽ። "አያቋርጠኝማ!" አልኩሽ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" ብያለሁ።

እንዲያ እያልኩ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ለአንቺም ለአባባም "ተኝታ በሰላም አለፈች፣ ማንንም አልጠራችም" ያልኳችሁ ውሸት እንደነበር። የመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት አባባ መድኃኒት ሊገዛ እንደወጣ፣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና "ትንሿ፣ ትንሿ" እያለች እንደጠራችሽ። ያንን ዓመት ሳጥባት፣ ሳገላብጣት፣ ሾርባ ስግታት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የተጠራሽው ግን አንቺ ነሽ። ቀናሁ። ይህንንም ጽፌለታለሁ። ከዚያ እጇን ይዤ "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትንሿ፤ መጣሁ" ማለቴን ነገርኩት። ከእናንተ የደበቅኩት አንቺ በፈተና መሀል ጸጸት ይዞሽ እንዳትወድቂ ብዬ ነበር።

ጭምቱ ያን ቀን ለረጅም ጊዜ አልመለሰልኝም። "እየጻፈ ነው" የምትለዋ ምልክት ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ብቅ ትላለች። በመጨረሻ "እናትሽ ምን አለችሽ?" አለኝ። መነጽር የሚያስለኩ ሽማግሌ ገቡና ዘጋሁት። በሌላ ቀን ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሞም ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም፤ ያ የእኔና የእማዬ ነው ብዬ ነበር። የሚጠይቀኝ ማሽን መስሎኝ እንኳ አልመለስኩም።

ጥናትሽን በፈታኞች ፊት ባቀረብሽበት፣ በዲፌንስሽ ቀን አባባ ከጠዋት ጀምሮ ኮቱን ለብሶ ተቀመጠ። "በቪዲዮ እኮ ነው፣ እነሱ አያዩህም" ስለው "እኔ አያታለሁ አይደል?" አለኝ። ላፕቶፑን በሣጥን አስደግፌ ወንበራችንን አጠጋጋን። ብቅ ስትዪ ማንም ሳያጨበጭብ እሱ አጨበጨበ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። አማካሪሽ፣ ያ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚውለው ሰውዬ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ኮራሁብሽ፤ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ኮራሁብሽ።

ከዚያ ያ ስላይድ መጣ። ከላይ "ተሳታፊ ሰ" ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ቃላት። "እናቴ በመጨረሻ የጠራችው እኔን አልነበረም።" "እህቴን" ያልኩትን "ሌላ ልጇን" ብለሽ ቀይረሽዋል፤ የቀረው እንዳለ ነው፣ መቅናቴም፣ የጭምቱ ጥያቄም ሳይቀር። አባባ ወደ ላፕቶፑ ተጠግቶ እኔ በሠራሁለት መነጽር ቃል በቃል አነበበው። ሲጨርስ ራሱን እየነቀነቀ ከንፈሩን መጠጠ።

"ምስኪን" አለ። "የማን ልጅ ትሆን?"

"እንጃ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ፈታኟ ሴትዮ ወዲያው ቀጠለች። "'እናትሽ ምን አለችሽ' ብሎ የጠየቃት ፕሮግራሙ ነው?"

"አይደለም" አልሽ። "ፕሮግራሙ ገና ስላልደረሰ በዚህ ምዕራፍ ከጀርባ ሆኖ የሚጽፈው ሰው ነበር። ተሳታፊዎቹ አያውቁም ነበር። ሲያበቃ ለሁሉም ተነግሯቸዋል።"

"ማን ነበር የሚጽፈው?"

"እኔ።"

"ከተሳታፊዎቹ የምታውቂው ሰው ነበር?"

ውኃሽን ተጎነጨሽ። እንዴት እንደተጎነጨሽ አሁንም ይታየኛል። "የለም" አልሽ። "አንዳቸውንም አላውቃቸውም።"

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ዝም ብዬ ውኃው ሲወርድ አየሁት። እዚያው ቆሜ ሳለ አባባ ከሳሎን ይጣራል፤ "ነይ! አለፈች! አለፈች እኮ!" ፊቴን ታጥቤ መጣሁ። አጨበጨብኩልሽ።

አሁን ምክንያትሽን ሁሉ ደርድረሽ ጽፈሽልኛል። ፕሮግራሙ እምቢ አለ፣ ጊዜው አለቀ፣ ያ ጉሮሮ ጠራጊው አማካሪሽ "ሌሎችም ከጀርባ ሰው አስቀምጠው ይሞክራሉ፣ የተለመደ ነው፣ መጨረሻ ላይ ትነግሪያቸዋለሽ" አለሽ። ይሁን፤ የሙያችሁ አሠራር ነው፣ አልገባበትም። ዘመድ በጥናት አይካተትም የሚል ደንብ አለ ብለሻል፤ ሰው አንሶሽ ጣስሽው፣ እሱንም እሺ። ግን ለሌሎቹ ሁሉ ሲያበቃ ነግረሻቸዋል፤ ለማታውቂያቸው ሰዎች! አንዷን ብቻ ዘለልሻት። ስለደንቡ ፈርተሽ አይደለም፣ አታሞኚኝ። መልሱን እስክሰጥሽ እየጠበቅሽ ነበር።

ለትምህርት ቤትሽ አንድ መስመር ብጽፍ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። አልጽፍም፤ እንቅልፍሽን በእሱ አታጥፊ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኔ እኮ ለአንቺ ስል አንቺን ዋሽቼሻለሁ። አንቺ የዋሸሽኝ የደበቅኩትን ልታወጪብኝ ነው። ሆዴን ዘርግፌ የሰጠሁት ማሽን ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ። ደግሞ በየሳምንቱ ደውለሽ "እንዴት ነሽ እታለም?" ትያለሽ! ምን ሆንኩ ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ? በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ነግሬሽ የለ?

አንድ የማይካድ ነገር አለ፤ ልጽፈው እጄ ቢከብደኝም እጽፈዋለሁ። አንቺ ራስሽ፣ በራስሽ ድምፅ ብትጠይቂኝ ኖሮ ያንን ሁሉ አልነግርሽም ነበር። "ደህና ነኝ፣ ጥናትሽ እንዴት ነው" ብዬ እሸኝሽ ነበር። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለምታውቂም ነው ይበልጥ የምናደደው።

እንግዲህ ጥያቄሽ።

"እኔ ነኝ፣ ትንሿ፤ መጣሁ" ስላት እማዬ ዓይኗን አልገለጠችም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ሌንስ ሲሞርዱ የኖሩ ጣቶች ምን እንደሚመስሉ ታውቂያለሽ። "የትንሿ እጅ እንዲህ አይሻክርም" አለች። ክው አልኩ። አፍሬ እጄን ልሰበስብ ስል ያዘችኝ፤ ያ አቅም ከየት እንደመጣላት እንጃ። "ተይ፣ አትሂጂ" አለችኝ። "ትንሽ እሷን ሁኚልኝ።"

ሆንኩላት። "ትምህርት እንዴት ነው?" አለችሽ። "ጥሩ ነው" አልኳት። "ምግብ ትበያለሽ?" ስትል "እበላለሁ እማዬ" አልኩ። "ውሸታም" አለችሽ፤ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ። አንቺን ነው ያለችው፣ እኔን አይደለም። አባባ መድኃኒቱን ይዞ በሩን ሲከፍት ትንፋሿ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ገና አንቺ ነበርኩ።

ስለዚህ አልመጣሽም፤ እሷም አለመምጣትሽን ታውቅ ነበር። የቆምሽበትን ነገር ከሥርሽ እንደሳብኩት አውቃለሁ። "ትንሿዬ ብላ እቅፍ አደረገችሽ" ብዬ ብጽፍልሽ ታምኚኝ ነበር፤ ጽፌም ቀድጄዋለሁ። ከእንግዲህ እኔና አንቺ መሀል እንዲህ ያለ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ግን ይህን አስቢው። እማዬ አውቃ ነው የጠየቀችኝ። አንቺም እኮ "እታለም፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ፤ ትንሽ እሱን ልሁን፣ አንቺም እንዳላወቀ ሰው ሁኚልኝ" ብትዪኝ ኖሮ እሺ እልሽ ነበር። ምን ብለሽኝ ነው እምቢ ያልኩሽ? ሕፃን ሆነሽ ወንበር ሥር ገብተሽ "እኔ የለሁም በዪ" ስትዪኝ ለእንግዳው ሁሉ "የለችም" እል አልነበር?

ለአባባ ደውዪለት፤ "ተሳታፊ ሰ"ን ግን አታንሺበት፣ አሁንም አልፎ አልፎ "ያቺ ልጅ ምን ሆና ይሆን?" ይላል። ጉንፋን እንዳይዝሽ፣ ደረትሽን ሸፍኚ። ፈጣሪ የለፋሽበትን ይባርክልሽ፤ ተናድጄም ቢሆን ይህን ከልቤ ነው የምለው። ስልክ አላነሳም፣ መልእክትም አልመልስም። ከመጣሽ ግን ቤትሽ ነው፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጪና የምትጠይቂኝን ጠይቂኝ። ምን እንደምመልስልሽ አላውቅም። ምናልባት መጀመሪያ "ምሳ በላሽ?" እልሻለሁ።

እታለም