ከጓሯችን ጀርባ ስላሉት ሦስት የደረቁ ዛፎች

ለተከበሩ የደንና የመኖሪያ ቤቶች ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነትና ጢስ በማይደርስበት አየር እንዲከርሙ እየተመኘሁ፣ ልብስ ሰፊዋ እኔ፣ ከባለቤቴ ጋር ሃያ ዓመት ለፍተን በሠራነው ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ይህንን የምስጋና ደብዳቤ ቆሜ እጽፋለሁ።

፩ኛ. ባለፈው በጋ ከኮረብታው የተነሳው ሰደድ እሳት አጥራችንን ሲበላ፣ የማስጠንቀቂያ ደወልዎ ዝም በማለቱ ሳንረበሽ ለመውጣት ችለናል። ሳንረበሽ ስል፣ መራመድ የማይችሉት አማቴ «ጫማዬን አድርጉልኝ፤ ባዶ እግሬን ከቤቴ አልወጣም» ብለው ስለተሟገቱ፣ ባለቤቴ ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሲያስር እኔ የዶሮ ቤታችን ሲነድ በመስኮት እያየሁ ነበር ማለቴ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አማቴ ጫማቸውን አላወለቁም። ቤቱን ያተረፈው ጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ጣሪያችን ላይ ወጥቶ ውሃ ሲረጭ የተቃጠለው ቅንድቡ ዛሬም በወጉ አልበቀለም።

፪ኛ. እሳቱ በጠፋ በሳምንቱ ባለሙያዎ መጥተው በራችን ላይ «ለእሳት የተጋለጠ» ማለት የሆነውን ቀይ ምልክት ስለቀቡልን ከልብ እናመሰግናለን። ምልክቱን ያየው የመድን ድርጅት ውላችንን ሰረዘ፤ ለአማቴ ስንል ቤቱን ለመሸጥ ብንወስን፣ ሊገዙ የመጡት ባልና ሚስት በሩን አይተው ሳይገቡ ተመለሱ። አቤት ልል ስመጣ ባለሙያዎ በትህትና እንዳስረዱኝ፣ ቤቱ ምንም ችግር የለበትም፤ ችግሩ ቤቱ የቆመበት ቦታ ነው። ቦታውን የመራን የእርስዎው ጽሕፈት ቤት መሆኑን ማንሳት ነውር መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

፫ኛ. ምልክቱ እንዲነሳ ከጓሯችን ጀርባ ያሉት ሦስት የደረቁ ዛፎች መቆረጥ አለባቸው ብለው ጻፉልን። ልንቆርጥ ስንነሳ ደግሞ ዛፎቹ የመንግሥት ስለሆኑ የነካ ይከሰሳል የሚል ሌላ ደብዳቤ በዚያው ፊርማ ደረሰን። ፊርማዎ እጅግ ያማረ ነው።

ይኸው በጋው ገባ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መርፌዬን ሰክቼ እወጣለሁ፣ አሸትቼ እመለሳለሁ፤ አንድ እጅጌ ሰፍቼ እስክጨርስ አራት ጊዜ እነሳለሁ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከባለቤቴና ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ዛፎቹን እንቆርጣለን። የሚከሰሰውን ሰው ፍለጋ እንዳይደክሙ፣ መጋዙን ቀድሜ የምይዘው እኔ ነኝ።

ትዕግሥቷን ጨርሳ አክብሮቷን ግን ያላጓደለች፣
የባለ ቀይ ምልክቱ ቤት እመቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በእጄ ላደርስ ትናንት ብመጣ ቢሮዎ ተዘግቶ አገኘሁት። ጽሕፈት ቤቱ ለደኑ ስለሚቀርብ ለሠራተኞች ሕይወት ያሰጋል ተብሎ ወደ መሃል ከተማ መዛወሩን የጥበቃ ሠራተኛው ነገሩኝ። እንኳን እናንተ ተረፋችሁ።