ውኃ ያልጠማው ድንች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ? ከእኛ ጭቅጭቅ ስትርቂ ትንሽ አረፍ አለልሽ ወይስ እንደዚያው ነው? አክስቴ እንዴት ሆነች? የተሰበረ እግሯ መሬት መርገጥ ጀመረ? አንቺ አጠገቧ እያለሽ መቼም ተኝታ አትከርምም፤ በግድም ቢሆን ታስነሻታለሽ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ታናሽ እህቴ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ «ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ» ትላለች፤ ሰሃን ግን አታጥብም።

በስልክ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ድንቹ ደህና ነው» እያልኩ ሳልፍሽ የከረምኩት ደህና ሆኖ አልነበረም። አክስቴን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። አሁን ነገሩ መልክ ስለያዘ ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ግን አትቆጪኝ።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ አንድም ቀን ዝናብ ጠብ አላለም። የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ ባልዲው ድንጋይ እየመታ ነው የሚወጣው። በአራት ቀን ይደርሰን የነበረው የመስኖ ተራም ወደ ዘጠኝ ቀን ተገፋ። ሁለቱንም ማሳ ማጠጣት ስላልተቻለ ተመካክረን የላይኛውን ተውነውና ያለችውን ውኃ ለታችኛው አደረግን። መሬቱ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ደግሞ ያቺ ድንች የምታበላሸዋ ትንሽዬ የእሳት ራት መጣች። ትሏ በስንጥቁ ገብታ ድንቹን ከውስጥ ትቦረቡረዋለች። እኔና እህቴ ፀሐይ ሳይበረታ እየወጣን አፈር እያስታቀፍን ስንጥቁን ሁሉ ደፈንን። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። መዳፌ ተላጠ፤ ትሉ ግን ቀነሰ።

ይህንን ተወጣነው ስንል፣ በታችኛው ማሳ ከቦዩ አፍ አጠገብ ያሉት ሁለት ረድፎች ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደሆነ ጥውልግ አሉ። አባዬ «ጠምቷቸው ነው» ብሎ ውኃ ጨመረላቸው። በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ተከተሉ። አሁንም ጨመረ። «አባዬ፣ አፈሩ እርጥብ ነው እኮ፣ እንዴት ይጠማዋል?» ስለው «እኔ ድንች መትከል የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው» ብሎ አፌን አስያዘኝ። መጠውለጉ አልቆም ሲል ግን ሳልነግረው ሄጄ የግብርና ባለሙያዋን ይዣት መጣሁ፤ ያቺን ረጅሟን፣ ክረምት ከበጋ ቦቲ ጫማ የማታወልቀዋን።

ባለሙያዋ ብዙ አላወራችም። በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ አስመጣችና ከጠወለገው አንዱን ግንድ ቆርጣ ጫፉን ውኃው ውስጥ ይዛ ቆየች። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ቁልቁል ይወርድ ጀመር። «አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው» አለች። «መድኃኒት የለውም። በውኃ ነው የሚሄደው፤ ባጠጣችሁ ቁጥር ወደሚቀጥለው ረድፍ ስታደርሱት ነበር።» አባዬ ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። እማዬ፣ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

የታመሙትን ከነአፈራቸው እንድንነቅል፣ መቆፈሪያዎቻችንን እንድናጥብ ነግራን ሄደች። እኔ ለጤነኞቹ ረድፎች ሌላ ቦይ እንቅደድ አልኩ። አባዬ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። ከእኛ የሚተርፈው ውኃ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ፤ አናጢው ጎረቤታችን ማሳ ነው፤ በድንበሩ ዛፍ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም የማይባባሉት። «በየትም ብንቀደው ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ይገባል። የእኔ ጥፋት የሰው ማሳ አይገድልም» አለና አካፋውን አንስቶ ቦዩን ከላይ ደፈነው። እኔም እያለቀስኩ አብሬው ደፈንኩ። ዘጠኝ ቀን የጠበቅነው ተራችን በማግስቱ ነበር።

ከዚያ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ አናጢው ቤት ሄደ። ጠብ ይነሳል ብዬ ከኋላው ተከተልኩት። አናጢው ደጃፉ ላይ ሳንቃ ይልግ ነበር። አባዬ ሰላም እንኳ ሳይለው «ማሳዬ ታሟል። ውኃው ወዳንተ እንዳይመጣ ደፍኜዋለሁ። እስካሁን ሳላውቅ አሳልፌብህ ከሆነ ይቅር በለኝ» አለው። አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ ትንሽ አየውና «ሁለት ዓመት ዘግተኸኝ ከርመህ የመጀመሪያ ወሬህ ድንች ይሁን?» ብሎ ሳቀ። አብረው ሄደው የአናጢውን ማሳ አዩ። ዳሩ ላይ ሁለት እግር ድንች ብቻ ጠውልጎ አገኙና ነቀሉት። በማግስቱ አናጢው ከራሱ ጉድጓድ ሁለት በርሜል ውኃ በጋሪ ጭኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ቀኑ ያመጣል፤ እኛ ውኃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቅን በጣሳ ሥር ሥሩን እናጠጣለን።

ከሃያ አራቱ ረድፍ ዘጠኙን ነቅለናል። አሥራ አምስቱ ቆመዋል። ትናንት አንዱን እግር ቆፍሬ አየሁት፤ ስምንት ፍሬ ይዟል፣ ትልቁ ጡጫዬን ያህላል። የላይኛው ማሳ ደርቆ ቀርቷል፤ አልዋሽሽም። በታመመው መሬት ለጥቂት ዓመታት ድንችም ቲማቲምም አትትከሉ ስለተባልን በቆሎ ልንዘራበት አስበናል። ከዚህ ድንች ለዘር አንዲት አናስቀርም። አንቺስ ምን ትያለሽ?

ለእማዬ ምን ልጻፍላት ብዬ አባዬን ስጠይቀው «ዘጠኙን ረድፍ የገደልኩት እኔ ነኝ በያት» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «የለም፣ እሱን ተይው፤ ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ» አለ። እኔ ይኸው ጻፍኩት። አንቺ ግን እንዳልሰማ ሆነሽ ጠብቂው፤ ሲነግርሽም አታቋርጪው።

አክስቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ባለቤቷን በእኔ ስም ጎንበስ ብለሽ ሰላም በያቸው። መንትዮቹን እያገላበጥሽ ሳሚያቸው። እህቴ ሰላም ብላሻለች፤ ስለ ሰሃኑ መጻፌን አታውቅም። አናጢውም ሰላም በይልኝ ብሏል። አባዬ «ቶሎ ነይ» በያት አላለኝም፤ ግን አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚገባ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ናፋቂሽ ትልቋ ልጅሽ

ከማሳው ዳር፣ ከቤታችን
በበጋው እኩሌታ፣ ሐሙስ ጠዋት