የጎርፍ ሳይረናችንን ዘፋኝ ላደረጉልን ሹም

ለክላፓሳሪ መንደር ሹም፣ ለክቡር ፓክ ማርጎኖ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎ የቡ ላስትሪ ጤና፣ እንዲሁም ሰሞኑን የታመመው የጽሕፈት ቤትዎ ኮምፒውተር ጤና እንዴት ነው? በመንደራችን ትምህርት ቤት እስከ ጡረታዬ ድረስ ሒሳብ ያስተማርኩት፣ መንደሩም እንደ እናት «ቡ» እያለ የሚጠራኝ እኔ ኩስሚናህ ደህና ነኝ፤ በዝናብ ወራት በእሳተ ገሞራው በመራፒ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ደህና ሊሆን የሚችለውን ያህል ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በእጅዎ ለመስጠት ወደ ቢሮዎ ብመጣም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ተነገረኝ፤ የስብሰባው ማንኮራፋትም እስከ ደጅ ድረስ ይሰማ ስለነበር ላቋርጥዎ አልደፈርኩም።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግንዎ ይገባል። ወረዳው ስለ ኮምፒውተር መረብ ደህንነት ሥልጠና ሲያዘጋጅ የተጠሩት እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ግን «ቡ፣ ጡረታ ላይ አይደሉ? ሄደው ይቀመጡልኝ፤ ምሳም አለው» ብለው እኔን ላኩኝ። ምሳው እንዳሉት ነበረ፣ ምንም እንኳ የአኩሪ አተር ጥብሱ ቴምፔ ትንሽ ቢያርም። ተቀምጬ ስለ ሰማሁም የሚከተሉትን ቅሬታዎች በተራ ቍጥር ለማቅረብ በቅቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰርጉ። የማያውቁት ሰው ልጁን እንደሚድር የሚገልጽ መልእክት ከነፋይሉ በቢሮው ኮምፒውተር ደረሰዎ። ጸሐፊዎ ምባክ ዊዊት «ፓክ፣ ቍጥሩን አናውቀውም፤ ባይከፍቱት ይሻላል» ብትልዎ፣ «አንቺ ደግሞ! በሰው ደስታ ላይ በር ይዘጋል እንዴ? ነገ ሹሙ ኮሩብን ቢሉስ?» ብለው ከፈቱት። በእኛ አገር የሰርግ ጥሪ መናቅ ነውር መሆኑን አልክድም፤ ችግሩ ሌቦቹም የእኛው አገር ልጆች ስለሆኑ ይህን ማወቃቸው ነው። ፋይሉ ውስጥ ሙሽራ አልነበረችም። የነበረው በኮምፒውተሩ የሚጻፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ሳይቀር፣ ለላኪው የሚያቀብል ፕሮግራም ነበር። እርስዎ ግን በታላቅ ትሕትና የክብር ባቲክ ሸሚዝዎን ለብሰው፣ ቡ ላስትሪን አስከትለው፣ በጥሪው ላይ ወደተጻፈው አዳራሽ ሄዱ። እዚያ ባድሜንተን የሚጫወቱትን ወጣቶች «ሙሽሮቹ የት አሉ?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ፓክ፣ እስኪመጡ ድረስ ራኬት ይያዙልን?» እንዳሉዎ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ተመልሰውም ሰርጉ ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ነገሩን። እኛም በትዕግሥት እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቍልፉ። የይለፍ ቃል ማለት ሌላው ሰው የማያውቀው ቃል እንደሆነ በሥልጠናው ተምሬያለሁ። እርስዎ ግን ከሕዝብ የሚደብቁት ነገር እንደሌለዎ ለማሳየት፣ የራስዎን ስም «አንደኛ» ከሚል ቃል ጋር አጋጥመው የመንደሩ ነፃ ኢንተርኔት የይለፍ ቃል አደረጉትና፣ ከፈገግታዎ ፎቶግራፍ ሥር በትልቁ አሳትመው በመስቀለኛው መንገድ ላይ ሰቀሉት። ለሕዝቡ ነፃ ኢንተርኔት መስጠትዎ ያስመሰግናል። ያው አንድ ቃል የቢሮውን ኮምፒውተር፣ የነዋሪዎችን የጤና መረጃ እና የጎርፍ ሳይረኑን ጭምር መክፈቱ ግን፣ የቤትን፣ የጓዳንና የጎረቤትን ቍልፍ አንድ አድርጎ ከነአድራሻው በገበያ መሃል እንደመስቀል ነው። ቢሰረቅስ እንዳልል፣ ምን ቀርቶት ይሰረቃል?

ሦስተኛ፣ ስለ እንግዶች። የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ባደረች ማግሥት ጥበቃዎን ልከው መታወቂያዋን አስመርምረዋል፤ ሌሊት የሚያድር እንግዳ ለሹም ይነገር የሚለው ሰሌዳ በየመንገዱ ተሰቅሏልና ሕጉን አከብራለሁ። ለመረቡም ይኸው ሕግ ነበረለት። ፋየርዎል ይሉታል፤ ማን ገባ፣ ወዴት ይለፍ፣ የት ላይ ይቁም እያለ የሚወስን በር ጠባቂ ነው። ከእኛ የኢንተርኔት ሳጥን ጋር አብሮ የመጣውን ፋየርዎል ግን ፊልም ያቆራርጥብኛል ብለው አስጠፉት። ስለዚህ ሹሩባዋን ተሠርታ የመጣች የእህቴ ልጅ ስትመረመር፣ ከየትም ይምጣ ከየት የማይታወቅ ሰው በነፃው ኢንተርኔት ገብቶ እስከ ሳይረኑ ድረስ በሰላም ተንሸራሸረ።

የተከተለውን መንደሩ ያውቀዋል፤ ለማያውቁት አንባቢዎች ግን ልጻፈው። ወንዛችን ውስጥ አሸዋ የሚያወጡ ወንዶችና ሴቶች አሉ። ከተራራው አመድና ቋጥኝ የተሸከመ ጎርፍ ሲወርድ፣ እነርሱ ካሉበት ሸለቆ ሆነው አያዩትም፤ የሚያውቁት ሳይረኑ ሲጮህ ብቻ ነው። ያ የሰርግ ጥሪ ላኪ ከእኛ የሚሰርቀው ነገር ቢያጣ ጊዜ ሳይረኑን ያስጮኸውና፣ ሰው ሁሉ አካፋውን ጥሎ ዳገቱን ሲወጣ ዳንግዱት የሚባለውን የጭፈራ ዘፈን ይከፍትበት ጀመር። ደጋግሞም አደረገው። መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ በመጨረሻ እዚያው ወንዙ ውስጥ አካፋቸውን ይዘው ይጨፍሩ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ሳይረኑ የጮኸው እውነቱን ነበር። አሸዋ ሊጭን ከላይ የቆመ የመኪና ሾፌር «ውጡ! ውሃው መጣ!» ሲል፣ ከአሸዋ አውጪዎቹ አንዷ ምባክ ንጋቲኒ «ዘፈኑን ሳልሰማ አልወጣም!» ብላ እንደመለሰችለት ራሷ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ የሰማችው የቋጥኝ ድምፅ ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተንጠላጥላ፣ ጎርፉ እስኪጎድል ድረስ የልጆቿን ስም እየጠራች ቆየች። እግሯ ተሰብሯል። ተርፋለች።

አራተኛውና የመጨረሻው ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ስለሰጡት መፍትሔ ነው። «ከሚያዋርደን ዝም ይበል» ብለው ሳይረኑን አስነቀሉት። ክቡርነትዎ፣ እስካሁን በቀልድ ጽፌያለሁ፤ ይህን ግን ያለ ቀልድ ያንብቡልኝ። ዝናቡ ገና ነው። ሰዎቹ ነገም ወንዝ ውስጥ ይገባሉ፤ ሌላ እንጀራ የላቸውም። የሚዋሽ ሳይረን እንዲድን ቍልፉ ይቀየራል እንጂ አንደበቱ አይቈረጥም። ስለዚህ ሳይረኑ ከነፃው ኢንተርኔት ተለይቶ በራሱ መስመር እንዲቀጠል፣ ለእርሱ ብቻ የሆነ ረጅም የይለፍ ቃል እንዲወጣለት፣ ከቃሉም ሌላ በአንድ ኃላፊ ስልክ ላይ የሚደርስ ማረጋገጫ ሳይገባ ማንም እንዳይከፍተው፣ የቢሮው ኮምፒውተርም ተጠርጎ በየጊዜው እንዲታደስ በትሕትና እጠይቃለሁ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለወረዳው የአደጋ መከላከል ቢሮ ደርሷል።

ለመንደሩ ባለዎት በር የለሽ ፍቅር ዘወትር የምደነቅ፣ ወደፊትም በማናቸውም ሥልጠና ላይ በእርስዎ ፈንታ ለመቀመጥ የተዘጋጀሁ፣

አክባሪዎ
ቡ ኩስሚናህ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ለመለጠፍ ስዘጋጅ የወረዳው ባለሙያዎች መጥተው ሳይረኑን በራሱ መስመር ቀጠሉት። አሸዋ አውጪዎቹ ግን ጩኸቱን ከእንግዲህ እንደማያምኑ ተናገሩ፤ አብዛኞቹ ከክፍሌ ያለፉ ናቸውና «የቡ ኩስሚናህ ድምፅ ይግባበት፣ እሳቸው ውጡ ካሉን አንቀርም» አሉ። ስለዚህ «አካፋችሁን ጥላችሁ ውጡ፤ ምክንያቱን ላይ ስትደርሱ እነግራችኋለሁ» ብዬ ቀዳሁላቸው። እሑድ ለሙከራ ሲለቀቅ ሁሉም ወጡ። ምባክ ንጋቲኒም በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ሆና መጥታ ስትቈጥራቸው አንድም ሰው አልጐደለም። እርስዎም ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ተነሥተው፣ ግማሽ ጢምዎን እዚያው ትተው፣ ከሁሉም ቀድመው ኮረብታው ላይ ደርሰዋል። ውጡ ሲባሉ እንዲህ በፍጥነት መውጣት እንደሚችሉ መንደሩ በዓይኑ በማየቱ ተጽናንቷል፤ ምርጫው ስለተቃረበ ልምምዱን እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ።