ድምፁ የማይሰማው ኮምፕሬሰር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስልኬን ለምን እንደማታነሺ ትናንት ገባኝ። እስከ ትናንት ድረስ ግን፣ እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ቀደሽ ከመጣልሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ወሬዬ የሚጀምረው ከኮምፕሬሰር ነው፤ አባትሽ ሌላ ምን ያውቃል ብለሽ ታገሺኝ። 

እናትሽ ካኮረፈች ሰንብታለች። ምሳዬን ታቀርባለች፣ ዞር ትላለች። ምን በደልኳት ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ጥፋቱን ኮምፕሬሰሩ ላይ ጣልኩት። ታውቂው የለ፣ ያ ከጓዳው አጠገብ ያቆምኩት አሮጌ፣ ቁም ሳጥን ቀለም በረጨሁ ቁጥር ቤቱን የሚያንቀጠቅጠው። ከሴትዮዋ ጋር የምታረቀው ድምፅ የሌለው ገዝቼ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው። ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ሚስማር ለመምታት ሳይሆን ቀለም ለመርጨት ነው አልኩት። እንግዲያው ታንከሩ ሰፋ ይበል፣ አለዚያ ቁም ሳጥኑን ግማሽ ድረስ ቀብተው አየሩ ያልቅብዎታል፣ ቀለሙም ይዥጎረጎራል አለኝ። ይህንንስ እኔም አላጣሁትም። ዘይት የሚጠጣና የማይጠጣ አሳየኝ። የሚጠጣው ከባድ ነው፣ ዘይቱም በየጊዜው መታየት አለበት። የማይጠጣው ቀለል ይላል፤ ስለ ድምፁም የሆነ ነገር አለኝ፣ ግን ዞሮ ሶኬት እየሰካ ስለነበር አልያዝኩለትም። ድገምልኝ ማለት ደግሞ አልወድም፣ ታውቂኛለሽ።

ሁለቱንም በየተራ አስነሳልኝ። የመጀመሪያው ደህና ነው። ያ ቀላሉ ግን ምን ልበልሽ፣ ድመት ስታንኮራፋ በዪው። እጄን ታንከሩ ላይ ጫን ሳደርግ ይነዝረኛል፣ ጩኸት የሚባል የለም። በሆዴ፣ በቃ እናትሽ ታረቀችኝ አልኩ። ይሄን ስጠኝ፣ ጸጥ ያለው እሱ ነው አልኩት።

ሰውየው ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። ቀና ስል አንዲት ገበያተኛ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ፊቷን አጨማዳለች፤ ገንዘብ ተቀባይዋም ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ከታለች። ባለሱቁ አጠፋውና መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። አሁን አይስቅም።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ከሁሉም ጯሂው ነው። ጆሮዎን ታይተው ያውቃሉ?"

 ለካ ሰማሁ ስል የከረምኩት ግማሹን ነው፣ ግማሹን ከራሴ እየሞላሁ። ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ በጥጥ ላይ የሚሄድ መሰለኝ። ያኔ ነው የደወልሽልኝ ቀን ትዝ ያለኝ። ቀለም እየረጨሁ ነበር፣ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም። ደም ግፊትሽ አልወርድ ብሎ ሐኪሞቹን እንዳሳሰባቸው ስለማውቅ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ግፊቱ "ወረደልኝ" ያልሽኝ መስሎኝ መለስኩልሽ። ስልኩ ተቋረጠ፣ ኔትወርክ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቤት እንደገባሁ እናትሽን ከፊቴ አስቀምጬ፣ አፏን አፏን እያየሁ፣ ልጅቷ ያን ቀን ምን ነበር ያለችኝ ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ የማሾፍ መሰላት። የሱቁን ጉድ ስነግራት ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

"'አባባ፣ ወረደብኝ' ነው ያለችህ፣ ፅንሱን ማለቷ ነው። አንተ ደግሞ 'እሰይ፣ እንኳን ተገላገልሽ' አልካት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።"

 አንዲት ፊደል ናት እኮ፣ ልጄ። መፀነስሽን መጀመሪያ ስሰማ ትምህርቷ ሳያልቅ ብዬ ማጉረምረሜም አለ፤ የልቡን ተናገረ ብትዪ አልፈርድብሽም። እናትሽም ያንኑ አምና ነው የዘጋችኝ። አንቺ በሰው አገር ሆስፒታል ተኝተሽ አባትሽ እሰይ ሲል ሰማሽ።  ያን ልጅ እፈልገው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እፈልገው ነበር።

ሰኞ እናትሽ ሐኪም ቤት ወስዳኝ ጆሮዬን እታያለሁ። እስከዚያ ስልኩን እሷ ትይዛለች፣ የምትዪውንም ፊት ለፊቴ ሆና ቃል በቃል ትነግረኛለች። ብቻ ደውዪ። ልትቆጪኝም ከሆነ ደውዪ። ባልሽንም አይዞህ ብሎሃል በዪልኝ።

ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ያዘንሽበትን ቤት በደስታ ይሙላልሽ። ያን ቀን ልልሽ የሚገባኝን ደግሞ ዛሬ ልበልሽ። ወረደብን፣ ልጄ። እግዜር ያጥናሽ።

አባትሽ