የዳኘው ቅጠል

ይድረስ ለልጄ ለዳኘው፣ ካርቱም። የደብራችን ሚካኤል በሰው አገር ይከልልህ። እኔ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ዛሬም ጥማድ ይዤ አርሳለሁ፤ ይህንንም የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው።

ጣልያን ቡሬ ከገባ ወዲህ መጻሕፍት ስለሚዘረፉ፣ መሪጌታ ክንፈሚካኤል የደብራችንን ገድል ዋሻ ሊደብቁት ሆነ። «ከመደበቁ በፊት የምትወዱትን ላንብብላችሁ» አሉን። ዕድሜውን በድንበር ሲሟገት የኖረው ክንዱ ሌባ የተረገመበትን አስነበበ። ልጅ ያላገኘችው እናኑ መካኒቱ የወለደችበትን አለች። እኔ የመጨረሻዋን የብራና ቅጠል አልሁ።

«እሷ እኮ የጸሐፊው ስም ናት» አሉ መሪጌታ።

«ዳኘው የሚወዳት እሷን ነው» አልኋቸው።

ሰው ሁሉ ተአምሩን ሲሰማ፣ አንተ በልጅነትህ መጽሐፉን ማን ጽፎ እንደ ደከመበት ትጠይቅ ነበር። ሞኝ መስለኸኝ ነበር። አሁን በስደት የሞቱትን ስም እየጻፍህ ለየቤታቸው እንደምትልክ ስሰማ ገባኝ፤ ኮራሁብህም። ቅጠሏን ፊደል እየቆጠርሁ ራሴ አነበብኋት፤ «እጄ ደክሟልና በጸሎት አስቡኝ» ይላል ገብረ ሕይወት የሚባለው ጸሐፊ።

አምላክ በደኅና ያግባህ። የራስህንም ስም ከሙታኑ ለይተህ በሌላ ወረቀት አድርገህ ላክልኝ። ገንዘብ ግን አትላክ። ዕዳዬን ራሴው እከፍላለሁ፤ ለክንዱ የሁለት ቀን በሬ፣ ለእናኑ አንድ ቁና የጤፍ ዘር፣ ለእናትህ ተዝካሯን፣ ለገብረ ሕይወትም አንተ እስክትመለስ ድረስ በየማታው አንድ አባታችን ሆይ።