ለዘጠኝ ጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከመሐላ መጽሐፍ ተሸካሚያቸው

ለክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት ቶርንተን ዌስኮት
ዋሽንግተን

ክቡርነትዎ ሆይ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጉልበትዎ፣ ጥርስዎና በተለይም ትዕግሥትዎ ሳይጓደል ይህ ግልጽ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔም ከወገቤ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሩፈስ ኦልስታድ እባላለሁ፤ ፕሬዚዳንቱ ድንገት ቢሞቱ ክቡርነትዎ ባሉበት ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በቦርሳ ይዤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ከኋላዎ የተከተልኩ ሰው ነኝ።

ሕግ አውጪዎቻችን ማንም ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ እንዳይመረጥ ሲደነግጉ፣ ስለ ምክትሉ አንዲት ቃል ሳይጽፉ ለምሳ ወጡ። ክቡርነትዎም ያችን ክፍት ቦታ አግኝተው ዘጠኝ ጊዜ ተመረጡባት። ስድስት ፕሬዚዳንቶች መጥተው ሄዱ፤ እርስዎ እንደ ቤቱ ምሰሶ ቀሩ። አገር ስለ ጽናትዎ ያመስግንዎት፤ እኔ ግን የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ፕሬዚዳንቶቹ ሁሉ ጤናቸው የብረት ሆነ። ደጃፋቸው ላይ እርስዎን እያየ ማን ደፍሮ ይታመማል? አራተኛው ጉንፋን ሲይዛቸው፣ ሽንኩርት ሲከትፉ እንደነበር በቴሌቪዥን ለአገር ማሉ።

፪ኛ/ ለባዕድ መሪዎች ቀብር አንድ መቶ አሥራ አራት ጊዜ አብሬዎት ተጉዣለሁ። ለአማቴ ቀብር ግን፣ በዕለቱ ፕሬዚዳንቱ ፈረስ ስለሚጋልቡ፣ አልተፈቀደልኝም።

፫ኛ/ ባለቤቴ ቢዩላ። ዱሉት ከተማ ሆና የደጃችንን በረዶ ብቻዋን ስትዝቅ ሠላሳ ስድስት ክረምት አለፈ። የሚቀጥለው ምርጫ የመጨረሻው ነው እያልኩ በየአራት ዓመቱ ዋሸኋት፤ ላስዋሹኝ ክቡርነትዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አንዳንዴ ሌላ ታሪክ አልማለሁ። ያን ቀን ከሕግ አውጪዎቹ አንዱ የምግብ ፍላጎት አጥቶ፣ «ምክትሉም ቢሆን» የምትል ሐረግ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎ ዛሬ በትውልድ መንደርዎ ቲማቲም ያጠጡ ነበር፤ እኔም በዱሉት ሐይቅ ዳር ከቢዩላ ጋር ዓሣ እጠብስ ነበር። ፕሬዚዳንቶቹም እንደ ሰው ያስነጥሱ ነበር። አገሪቱ በዚህ ምን እንደምትጎዳ እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ባለፈው እሑድ ቢዩላ ደወለችልኝ። ሕገ መንግሥቱን ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ፣ መነጽሯን ሰክታ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው ሠላሳ አምስት ቃል መማል ነው እንጂ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የሚል ነገር የለም። የለም እኮ! ማነው ተሸከም ያለህ?» አለችኝ።

ማንም አላለኝም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቦርሳውን ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ። ክቡርነትዎ ሕጉ ዝም ባለበት ተቀመጡ፤ እኔም ሕጉ ዝም ባለበት ተሸከምኩ። አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄ፣ ቦርሳውን ወንበርዎ ላይ አኑሬያለሁ።

ከእንግዲህ ከኋላዎ የማይገኘው፣ የክቡርነትዎ ታማኝ አገልጋይ፣
ሩፈስ ኦልስታድ

ማስታወሻ፦ ይህችን የምጨምረው ከባቡር ላይ ነው። ከግቢው ስወጣ ፕሬዚዳንቱን ምሳ ላይ ትን አላቸው ተባለ፤ ክቡርነትዎም ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ «ሩፈስ! ሩፈስ የት አለህ?» ሲሉ ሰማሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመት በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያው ነውና ደስታዬ ወሰን የለውም። አሁን በሬዲዮ እንደሰማሁት ፕሬዚዳንቱ ውኃ ጠጥተው ተሽሏቸዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።