ከስምንተኛው ይነሳ፦ የወይዘሮ ያለምወርቅ እንግዳው የሕይወት ታሪክ (1947–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ያለምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳው ደረሰና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ በዛብህ፣ ከግምጃ ቤት አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ጥቅምት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው። አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ገብተው ስለሆነ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጥሩ በአዊኛ ይቆጥሩ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በግምጃ ቤት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በዳንግላ ተከታትለው፣ መሐል ላይ በተማሪዎች ዘመቻ ዘምተው ተመልሰው በ1969 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል መረጃ ለመመዝገብ ካርድ በሚበሳ ማሽን ላይ ተቀጠሩ። አዳራሹን የሚያህለውን ትልቁን ኮምፒውተር ባዩ ቀን ምሳ መብላት እንደረሱ ራሳቸው ያወሩ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ያንኑ ኮምፒውተር ከሚያንቀሳቅሱት ባለሙያዎች አንዷ ሆኑ።

በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ይኸነው ተሻገር ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ስንታየሁንና ትርሲትን አፈሩ። በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ሥራቸውን ራሳቸው ላሠለጠኗቸው ለአቶ ምህረቴ አስረክበው፣ ከባለቤታቸው ጋር እንጅባራ ገቡ።

ቤተሰቡ መቼም የማይረሳው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። ማዕከሉ አሮጌውን ኮምፒውተር ሊያሰናብት፣ በካሴቶቹ ላይ ያለውን የሠላሳ ስምንት ሺህ መምህራንና ነርሶች የሥልጠና ማስረጃ ወደ አዲሱ እያዛወረ ነበር። ሥራው በተርታ የተጻፉ አሥራ ሁለት ደረጃዎች ነበሩት፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ጥሊሊ ገበያ ድንች እያስመዘኑ ሳለ ስልካቸው ጮኸ።

«እትዬ ያለሜ፣ ዘጠነኛው ላይ ቦታ ሞልቶ ተቋረጠብን» አሉ አቶ ምህረቴ። «ቦታውን አስፍተናል፤ ከመጀመሪያው ልናስነሳው ነው።»

«እንዳትነኩት! አንደኛው ደረጃ እኮ አዲሱን ማከማቻ ጠራርጎ ነው የሚጀምረው። ካሴቶቹ ደኅና ናቸው?»

«ሁለቱ አንዴ እንደተነበቡ ተበጥሰዋል።»

ኔትወርኩ እዚያው ላይ ጠፋ። ሥራው ከአንደኛው ደረጃ ከተነሳ፣ ከተበጠሱት ካሴቶች ላይ የተገለበጠው ማስረጃ ላይመለስ ይጠፋል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ድንቹን ለሻጩ ትተው ወደ መንገዱ ሮጡ፤ የስድሳ አራት ዓመት ሴት መሆናቸውን ልብ ይሏል! በተገኘው የእንጅባራ ሚኒባስ ተሳፍረው ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ያዙ። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ አናቱ ላይ ሲወጣ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አቁምልኝ ልጄ! እዚሁ!» አሉ ሾፌሩን።

«ማን ታሞብዎት ነው እማማ?»

«የታመመ የለም፤ የብዙ ሰው እንጀራ ነው!»

መኪናው ቆመ። አቶ ምህረቴም አልነኩትም ነበር፤ እጃቸውን አጣጥፈው ሲጠብቁ ቆይተዋል። «ታዲያ ከዘጠነኛው ልቀጥል?» አሉ።

«ኧረ በፍጹም! ዘጠነኛው የሚሠራው ስምንተኛው በስም ተራ አስተካክሎ በሚሰጠው ነው። እሱ ደግሞ ጊዜያዊ ስለሆነ ሥራው ሲቆም አብሮ ጠፍቷል። ከስምንተኛው ይነሳ።»

«ከዚያ እስከ መጨረሻው?»

«አይደለም! አሥረኛው ካሴቶቹን ባዶ የሚያደርግ ነው፤ እሱን ዝለለው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እነዚህን ብቻ መርጠህ አስነሳ። እስቲ ድገምልኝ።»

አቶ ምህረቴ ሁለት ጊዜ ደገሙ፤ ሥራው ተነሳ። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ነገሩ ሲገለጽለት ግን አንድ ገበሬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «የእኔም ልጅ አስተማሪ ናት፤ ይህ ነገር ሳያልቅ መኪና አይነዳም!» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ስምንተኛው አለቀ ሲባል ወይዘሮ ያለምወርቅ ጣታቸውን አጥፈው በአዊኛ ቆጠሩ። ዘጠነኛው፣ ያ እምቢ ያለው፣ ሲያልፍ ግማሹ መኪና አብሯቸው ቆጠረ። አሥራ አንደኛው ሩብ ሰዓት ፈጀ።

«አለቀ እትዬ!» የሚለው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለሁሉም ተሰማ። «ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት! አንድም አልጎደለም!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን እስከ እንጅባራ መነኻሪያ አላቋረጠም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት ሲገቡ አቶ ይኸነው «ድንቹስ?» ቢሏቸው፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው እየሳቁ አለቀሱ።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ከዚያ ወዲህም ሰው ለመርዳት ሳይሰለቹ፣ ከማኅበራቸው ሳይለዩ ኖረዋል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ወር ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከግምጃ ቤት ከመጡት ታናሽ እኅታቸው ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ ጋር የልጅነት ነገር እያነሱ ሲስቁ በዋሉ ማግስት፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኅታቸውን ትተዋል። ለቀብራቸው ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ፣ እግራችሁ አይድከም። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መኖሪያ ያግባልን፤ ለአቶ ይኸነውም መጽናኛውን ይስጥልን።

እማማ ያለሜ፣ በሰላም ይግቡ።